የቁምስናችን ባሕር ዛፍ ይነቀል ወይስ ይቆይ? ነገሩ የእምነት ነው ወይስ የልማት ብቻ?

የምክር ቤት አባል፦

ሰላመ እግዚአብሔር ለሁላችሁ ይሁን።

የኛ ቁምስና (የካቶሊክ ደብራችን) በእንሰት አገር፣ ተዳፋት ላይ የተሠራ ነው። አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያኑ ገቢ እንዲኖረው ብለው የግቢውን ዙሪያ ባሕር ዛፍ ተክለውበታል። መልካም አድርገዋል። የጣራው ቆርቆሮ የተቀየረው፣ ሕፃናት የሚማሩበት ክፍል የቆመው ከዚያው እንጨት ሽያጭ ነው። አሁን ዛፉ እንደገና ለሽያጭ ደርሷል፤ ነጋዴም መጥቶ አይቶታል።

የሚያሳስበኝ ከግቢው በታች ያለው ምንጭ ነው። ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም፣ መንደሩ በሙሉ የሚቀዳው ከዚያ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጥር ካለፈ ውሃው እየቀጠነ እናቶች ጀሪካናቸውን በሰልፍ ደርድረው ይውላሉ። የመጀመሪያው የባሕር ዛፍ ረድፍ ከምንጩ ያለው ርቀት ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ነው።

በቁምስናው ምክር ቤት ስብሰባ ግማሹ ሰው «ይሸጥና ጉቶው እንደገና ያቆጥቁጥ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ይሸጣል» አለ። የቀረነው ጉቶው ተነቅሎ ወይራ፣ ዋንዛና ዝግባ ይተከል አልን። በዚህ መካከል የማከብራቸው አንድ አዛውንት ተነሥተው «ይህ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስ ማዳን ነው። በዛፍ የተነሣ ምእመናን አይከፋፈሉ» አሉ። ብዙ ሰው በዚህ ተስማማና ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። የምንጩ ውሃ የሚጎድለው በእኛ ግቢ ምክንያት ከሆነ የምንበድለው ባልንጀራችንን ነው። ባልንጀራን መበደል ደግሞ ከመጀመሪያውም የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» (ውዳሴ ለአንተ ይሁን) ባሉት ሐዋርያዊ መልእክት ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ማግኘት የሰው ልጅ ሁሉ መሠረታዊ መብት ነው ብለው ጽፈዋል። ይህንን ያነበበ ቁምስና እንዴት «የኔ ሥራ አይደለም» ይላል? የምታውቁ ምከሩኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የምለውን በደንብ አውቄ መቆም እፈልጋለሁ።

የገበሬ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ስለ ምንጩ መጨነቅህ ተገቢ ነው። ባሕር ዛፍን ግን ቶሎ አትኮንነው። እኔን ያስተማረኝ ባሕር ዛፍ ነው። መስከረም በገባ ቁጥር እናቴ ከጓሮ ጥቂት አስቆርጣ ትሸጥና ደብተርና ዩኒፎርም ትገዛልን ነበር። ሰው ሲታመም፣ ልቅሶ ሲደርስ፣ ግብር ሲመጣ የሚሸጠው እሱ ነው። በኛ አገር ባሕር ዛፍ ያለው ሰው ብድር ጠያቂ አይሆንም።

ታሪኩንም እናስታውስ። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያለው ደን አልቆ፣ በማገዶ እጦት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት በ1890ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከውጭ የገባው ይህ ዛፍ ነው። እሱ ባይኖር የቀረው ጽድና ወይራ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ስብከቱ ሲዘጋጅ ድሃ ገበሬ «ፍጥረትን የምታጠፋ» ተብሎ እንዳይሰደብ አደራ እላለሁ። አማራጭ ሳይሰጡት ከድሃ ላይ ገቢውን ማንሣት የትኛው ወንጌል ነው?

የደን ሙያተኛ፦

ሙያዬ ስለሆነ ጣልቃ ልግባ። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ።

ባሕር ዛፍ በፍጥነት የሚያድገው ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ ነው። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ በበጋ ሌላው ተክል የማይደርስበትን እርጥበት ያገኛል። ከሥሩም ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ ስለዚህ ተዳፋት ላይ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ከምንጭ፣ ከወንዝ ዳርና ከእርሻ አጠገብ አይተከል ይባላል። በተራቆተ ኮረብታ ላይ፣ ሌላ ነገር በማይበቅልበት ቦታ ግን ጥሩ አገልጋይ ነው። ጥፋቱ ዛፉ ያለ ቦታው መተከሉ ነው።

ምንጩ የቀጠነው በባሕር ዛፉ ብቻ ነው ብዬ ቦታውን ሳላይ አልፈርድም። ከላይ ያለው ግጦሽ ተራቁቶ ሊሆን ይችላል። ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ እየሸሸ ከሆነ ባሕር ዛፉን ብትነቅሉም ምንጩ አይመለስም። የሚቀዳውም ሰው በዝቷል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሃለሁ፦ ሁሉንም ባንድ ጊዜ እንዳትነቅሉ። ተዳፋቱ ባዶውን ክረምት ከገባበት ከዛፉ የባሰ ጉዳት ታደርሳላችሁ። መጀመሪያ ከምንጩ አጠገብ ያለውን ረድፍ አንሡ። ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ቡቃያውን በየጊዜው መምታት ወይም ከነሥሩ ማውጣት ነው። ቦታውን አጥራችሁ ከብት ከልክሉ፤ በእርከኑ ላይ ደሾ ሣር ትከሉ። ደሾ አፈሩን ይይዛል፣ ታጭዶም ለከብት ይሆናል። ውሃ ዳር ዶቅማ ይወዳል። ዋንዛ ቶሎ ይደርሳል፣ አበባው ለንብ ነው፣ እንጨቱም ዋጋ አለው። ዝግባና ወይራ ግን ታጋሽ ሰው ይፈልጋሉ። ዝግባ በልጅነቱ ጥላ ይወዳልና ዋንዛው ትንሽ ከፍ ካለ በኋላ ከሥሩ ቢገባ ይሻለዋል።

የጸሎት ሰው፦

እኔ ከአዛውንቱ ጎን ነኝ። ዛፍ መትከል መጥፎ ነው አላልኩም። የምፈራው ሌላ ነው። ንስሐ ግቡ፣ ቁርባን ተቀበሉ፣ መቁጠሪያ ጸልዩ የሚለው ድምፅ እየቀነሰ በቦታው ስለ ችግኝ፣ ስለ ፕላስቲክ፣ ስለ አየር ንብረት የሚነገረው ሲበዛ ቤተ ክርስቲያን እንደ አንድ የእርዳታ ድርጅት እንዳትሆን እፈራለሁ። ዓለም ሁሉ ይህን እያወራ ነው፤ ከዓለም የማንሰማውን የምንሰማው ከቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ክርስቶስ የሞተው ለሰው ነፍስ ነው። ችግኝ የሚተክል መንግሥትም አለ፤ ነፍስን የሚፈታ ግን ካህን ብቻ ነው። ይህን ስል ማንንም ላስቀይም አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኔን ስለምወድ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ፦

የጸሎት ሰው፣ ፍርሃትህ ይገባኛል፤ በቅንነት ስለጻፍከውም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ጉዳዩን አዲስ ፋሽን አድርገህ ማየትህ ልክ አይመስለኝም። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ከመጽሐፍ እንጀምር። «ግዙአት» የሚለውን ሁሉም ያስታውሳል። ቀጥሎ በምዕራፍ ሁለት ግን እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» እንደሆነ ተጽፏል (ዘፍ 2፥15)። አዳም የተሾመው በሌላ ሰው ርስት ላይ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያንም እግዚአብሔር ራሱ «ምድርም ለእኔ ናትና ምድርን ለዘላለም አትሽጡ» ይላል (25፥23)። መጋቢ ሆነን የተቀመጥንበትን ግቢ ያለ ሐሳብ ብናበላሸው ጌታው ሲመጣ የምንጠየቅበት ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ (ካቴኪዝም) ቁጥር 2415 ፍጥረትን ማክበርን የት እንዳስቀመጠው አይተሃል? በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር፣ «አትስረቅ» በሚለው ውስጥ ነው። ይህ ለክፍሌ ልጆች ሳስተምረው ሁልጊዜ የሚያስደንቃቸው ነገር ነው። ምክንያቱም ምድር የተሰጠችው ለነበሩት፣ ላሉትና ገና ለሚወለዱት ነው። የነገውን ልጅ ውሃ ዛሬ የጨረሰ ሰው ከሰው ኪስ ገንዘብ ያወጣ ያህል ወስዷል።

ከፍራንቸስኮስ በፊትም የተናገሩ አሉ። የፊሊፒንስ ጳጳሳት ደናቸውና ባሕራቸው እየጠፋ መሆኑን አይተው ለምእመናኑ መልእክት የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የ1990 የዓለም የሰላም ቀን መልእክታቸውን ሙሉ በሙሉ ከፍጥረት ጋር ሰላም ስለ መሆን አደረጉት። በነዲክቶስ 16ኛ ደግሞ በ2008 በቫቲካን የጳውሎስ 6ኛ አዳራሽ ጣራ ላይ ከ2,000 በላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ሲተከሉ በመንበሩ ላይ ነበሩ። እኚህ ሰው ስለ ነፍስና ስለ ቅዳሴ ግድ የለሽ ነበሩ የሚል ማንም የለም።

ከዓለም የምንሰማው ስለሚመስልህ አንድ ነገር ልጨምር። በብራዚል፣ በፓራ ግዛት፣ አናፑ በምትባል ቦታ፣ እኅት ዶሮቲ ስታንግ የተባሉ የ73 ዓመት መነኵሴ ለድሃ ገበሬዎች መሬትና ለአማዞን ደን ሲከራከሩ ኖረው እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2005 በጥይት ተገደሉ። ገዳዮቹ መንገድ ላይ ሲያስቆሟቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አውጥተው ብፁዓን የሚለውን ቃል አነበቡላቸው። እኚህን እናት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ብለህ ማለፍ ትችላለህ? እኔ አልችልም። ጸሎታቸውና ደኑ አንድ ሕይወት ነበሩ።

ስለ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ የምትለው ካለ ደግሞ ልስማህ፤ አንተ ከእኔ በላይ እንደምታውቀው እገምታለሁ።

ተዋሕዶ ነኝ፦

እንግዳ ሆኜ ብገባ ይቅርታ። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ያደግሁት ደቡብ ጎንደር ነው። ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ያለ ዛፍ ማሰብ ከባድ ነው። በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ ደን የምታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ብቻ ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ በየቦታው የጠፋው ወፍ ሁሉ እዚያ ነው። ቆራጭ ቢመጣ ከዘበኛው ይልቅ የሚያስቆመው ቦታው የተቀደሰ መሆኑን ማወቁ ነው።

ግን እምነት ብቻውን አላዳነውም። ከብት እየገባ ቡቃያውን ስለሚበላ ሽማግሌ ዛፍ እንጂ ልጅ ዛፍ የሌለበት ደን በዛ። በብዙ ቦታ ካህናቱና ሕዝቡ ከእርሻው ድንጋይ እየለቀሙ አጥር ሲሠሩ ነው ቡቃያው መነሣት የጀመረው። ድንጋዩ ከማሳው መውጣቱ ለገበሬውም ጠቀመው። ስለዚህ ወንድሜ የምክር ቤት አባል፣ ከመትከልህ በፊት አጥርህን አስብ።

ከሮም፦

እዚህ ሮም ስኖር ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። አንድ ሁለት ነገር ላካፍል።

«ላውዳቶ ሲ» 246 አንቀጽ ያለው መልእክት ነው፤ ሰው የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው። የጸሎት ሰው የሚወደው ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚያ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የልብ መለወጥ ያስፈልጋል ይላሉ። ጸሎት እናዘወትራለን እያሉ ለፍጥረት መጨነቅን የሚያቃልሉ ክርስቲያኖችንም በቀጥታ ይናገራሉ፤ የእግዚአብሔርን ሥራ መጠበቅ ለክርስቲያን ቢፈልግ የሚያደርገው፣ ባይፈልግ የሚተወው ነገር እንዳልሆነ ይገልጻሉ (አንቀጽ 217)። ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ከምግብ በፊትና በኋላ ቆም ብሎ ማመስገንን እንድንመልስ ይጠይቃሉ። ከቅዱስ ቁርባን ጋር አያይዘውም ይደመድሙታል፤ ሥጋ ወደሙ ከምድር ፍሬ ከስንዴና ከወይን ነውና።

ከ2015 ጀምሮ መስከረም 1 በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ፍጥረት የጸሎት ቀን ነው። ከዚያ እስከ ጥቅምት 4፣ እስከ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በዓል ድረስ ያለው ጊዜ የፍጥረት ወቅት ይባላል። ይህ ቀን መጀመሪያ የተጀመረው በኦርቶዶክሶች ዘንድ ነው፤ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዲሜጥሮስ በ1989 ነው ያወጁት። ተዋሕዶ ነኝ፣ እንግዳ አይደለህም ለማለት ነው።

በአዲሱ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 14ኛም ጉዳዩ አልተተወም። ሐምሌ 2025 (በእነርሱ) ስለ ፍጥረት ጥበቃ የሚቀደስ የራሱ ጸሎት ያለው ቅዳሴ ይፋ ሆነና እርሳቸው ራሳቸው በካስቴል ጋንዶልፎ የአትክልት ቦታ ቀደሱት።

የፍጥረት ወቅት በኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 26 እስከ መስከረም 24 ነው። እዚህ የበጋው ማብቂያ ነው፤ በኛ አገር ግን የመትከያው ጊዜ አልፎ ክረምቱ የሚወጣበት ነው። በዚያ ወቅት ችግኝ ተክለን ፎቶ ብንነሣ ደረቅ ወር ይቀበለዋል። እኔ ብሆን መትከሉን በሐምሌ አድርጌ፣ የፍጥረት ወቅቱን ለአረም፣ ለአጥርና የተተከለውን ለመቁጠር አውለዋለሁ። ስንት ተከልን ከማለት ስንት ጸደቀ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከኩዌት፦

እኔ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ዛፍም መሬትም የለኝም፤ ስለዚህ ይህ ነገር እኔን አይመለከተኝም ብዬ ነበር የማስበው። ዓርብ ዓርብ ለቅዳሴ ስንሄድ ነው ካህኑ ከዚሁ መልእክት ውስጥ የሚጣል ምግብ ከድሃ ማዕድ እንደተሰረቀ ነው የሚለውን የነገሩን። በየግብዣው ማግስት ድስት ሙሉ ሩዝና ሥጋ ወደ ቆሻሻ የሚያልፈው በእጄ ነው። የቤቱ ባለቤት እኔ አይደለሁም፣ ማዘዝ አልችልም። ግን እመቤቲቱን ለመጠየቅ ደፈርኩና አሁን ያልተነካው ተለይቶ ለጥበቃዎቹና ለጽዳት ሠራተኞቹ እንዲሄድ ትፈቅዳለች። እህትና ወንድሞቼ፣ ይህም ይቆጠራል አይደል?

የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ፦

እህቴ፣ እንዴት አይቆጠርም! አንቀጽ 50 ነው ያነበቡላችሁ። የሚበሉትን ያህል ብቻ ማብሰልን ከዛፍ መትከል ጋር አብሮ የሚጠቅሰውም ያው መልእክት ነው። እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ።

የጸሎት ሰው፦

ሁሉንም አነበብኩ። የኩዌቷ እህታችን የጻፈችው ልቤን ነክቶታል።

ስለ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ስለጠየቅኸኝ የማውቀውን ልናገር። እርሱ የተፈጥሮ ወዳጅ ብቻ ተደርጎ ሲቀርብ ያመኛል። የፍጥረታትን መዝሙር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1225 አካባቢ፣ በሳን ዳሚያኖ፣ ታምሞ፣ ዓይኑ ሊጠፋ ደርሶ፣ የቀን ብርሃን እያሠቃየው ነው። ፀሐይን ማየት የማይችል ሰው ነው «ወንድማችን ፀሐይ» ብሎ የዘመረው። ውሃንም ጠቃሚ፣ ትሑት፣ ክቡርና ንጹሕ እኅት ይላታል። በመዝሙሩ መጨረሻም ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ይቅር የሚሉትን ያመሰግናል፤ ሞትን እንኳ እኅት ብሎ ይጠራና በሞት ኃጢአት የሚሞቱት ወዮላቸው ይላል። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1979 የሥነ ምኅዳር ተመራማሪዎችና ወዳጆች ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ሲሰይሙት ይህን ሰው ነው የሰየሙት፤ ቁስለ ክርስቶስን በሥጋው የተሸከመውን።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ትከሉ። ግን ከቅዳሴና ከንስሐ ይጀመር። ምስጋና የሌለበት ችግኝ ተከላ ሌላውም ያደርገዋል። አባቶች ካሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ምንጭን ማበላሸት በኑዛዜ የሚነገር ኃጢአት ነው?

አንድ ካህን፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ ተከታትያለሁ። ጥያቄው በቀጥታ ስለመጣ ልመልስ።

አዎ፣ ሊሆን ይችላል። እንደ ማንኛውም ነገር ዕውቀትና ፈቃድ ይታያል። ድሃዋ እናት ማገዶ ስትለቅም ኃጢአት ሠራች አልልም፤ ሌላ ምርጫ የላትምና። ጎረቤቱ እንደሚጠማ እያወቀ፣ ሌላ መንገድ እያለው፣ ለትርፍ ብሎ ውሃውን የሚያደርቅ ወይም ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ የሚደፋ ግን ወደ ኑዛዜ ይምጣ። ንስሐውም ቃል ብቻ እንዳይሆን የበደለውን ይካስ፤ የሰረቀ ይመልስ እንደምንለው ማለት ነው። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በርተሎሜዎስ በፍጥረት ላይ የሚሠራ በደል በራሳችንና በእግዚአብሔር ላይ የሚሠራ ኃጢአት ነው ያሉትን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በመልእክታቸው መጀመሪያ ላይ የጠቀሱት በምክንያት ነው።

ሌላው፣ ቅዳሴያችንን ልብ ብላችሁ አድምጡ። በግእዝ ሥርዓታችን ባለው ምልጃ ስለ ዝናም እንለምናለን፤ ዝናም ለሚያሻው ቦታ እንዲልክ። ስለ ወንዞች ውሃ እንለምናለን፤ እስከ ልካቸው እንዲሞላቸው። ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን፤ ለዘርም ለመከርም እንዲሆን። ይህን ከአውሮፓ የመጣ አዲስ ነገር የሚል ሰው ካለ አባቶቻችን በግእዝ ሲጸልዩት የኖሩት ነው በሉት። «የወንዙን ውሃ ሙላ» ብሎ በመቅደስ ለምኖ ከመቅደሱ ሥር ያለውን ምንጭ የሚያደርቅ ቁምስና ጸሎቱን ራሱ ይቃወማል። እኔ በእናንተ ቁምስና ብሆን ለአዛውንቱ ይህንን ምልጃ እንዲያነቡ ሰጥቼ በእርሳቸው አፍ ጉዳዩ በምክር ቤቱ ይከፈት ነበር። ከሳቸው ጋር አትከራከሩ፤ አስቀድሟቸው።

የገበሬ ልጅ፦

አባ፣ ስለ ድሃዋ እናት የተናገሩት ልቤን አሳረፈው። እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ይህ ሳይፈታ ሌላው አይፈታምና። የቁምስናው ገቢ ከየት ይመጣል? ጣራው ነገም ያፈሳል። ሐሳቤን ላቅርብ፦ ከምንጩ አጠገብ ያለው ረድፍ ይውጣ። ከላይ በኮረብታው ያለው ይቆይና በተራ ይሸጥ። በወጣው ቦታ ላይ የተዳቀለ አቮካዶ ጥቂት ይግባበት፤ እንክብካቤ ካገኘ ከሦስት አራት ዓመት ጀምሮ ፍሬ ይሰጣል። ዋንዛው ሲያብብ ዘመናዊ ቀፎ ይቀመጥ። የማርያም ማኅበር እናቶች ማሩን ቢይዙት ከኛ ወንዶቹ የተሻለ ሒሳብ ይይዛሉ። ባሕር ዛፍ አንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ይሰጣል፤ ማርና አቮካዶ ግን በየዓመቱ ነው።

የመንደሩን ገበሬ ጓሮ ግን አትንኩ። ቁምስናው በራሱ ግቢ አድርጎ ያሳይ። ሰው በዓይኑ አይቶ ውሃው ሲመለስ ካየ ያለ ስብከት ይከተላል፤ ካላየ ግን ምንም ብትሰብኩለት አይሰማችሁም።

ተዋሕዶ ነኝ፦

በዚህ ላይ የምጨምረው፣ ምንጩ የሦስቱም እምነት ከሆነ አጥሩንም ሦስቱም ይሥሩት። የመስጊዱን ሽማግሌዎችና የኛን ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ጋብዟቸው። አጥሩን አብሮ የሠራ ሰው ከብቱን አይሰድበትም።

የምክር ቤት አባል፦

ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ አባ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ቶሎ ያልመለስኩት ስብሰባው እስኪያልፍ ብዬ ነው።

አባ እንዳሉን የምልጃውን ጸሎት ወስጄ አዛውንቱ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ብዙ ተጫወትን። ጸሎቱን ድሮ ዲያቆን ሳሉ በቃላቸው ያውቁት ኖሯል፤ በግእዝ ወጡልኝ። ምንጩ በልጅነታቸው በበጋ ምን ያህል እንደነበረም ነገሩኝ። በስብሰባው ላይ መጀመሪያ የተናገሩት እርሳቸው ናቸው።

የተወሰነው እንዲህ ነው። ከምንጩ በኩል ያሉት ረድፎች በዚህ በጋ ተሽጠው ጉቶው ይወጣል። ገንዘቡ ግማሹ ለጣራው፣ ግማሹ ለአጥርና ለችግኝ ይሆናል። የላይኛው ይቆያል። ከምንጩ በላይ ያለው ግጦሽ ተከልሎ እርከን ይሠራበታል፤ በዚህ ላይ የመስጊዱ ሽማግሌዎች ከኛ በፊት እሺ ብለዋል፣ መሬቱ አጠገባቸው ነውና። ሐምሌ ላይ ከቅዳሴ በኋላ ይተከላል። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ የኑዛዜ ጊዜ እንዲኖር መሪ ካህናችንን ጠይቀናል፤ የጸሎት ሰው፣ ይህ ያንተ ሐሳብ ነው።

ያልተስማማንበት ነገርም አለ። ጥቂት ሰዎች ጉቶው መውጣቱን አልወደዱትም፤ የአባቶቻችንን ልፋት መንቀል መስሏቸዋል። ለዚህ በቂ መልስ የሰጠሁ አይመስለኝም። እኔ የምለው አባቶቻችን የተከሉት ለቤተ ክርስቲያናቸው አስበው ነው፤ እኛም የምናደርገው ያንኑ ነው። ግን ቅር ያላቸውን ሰዎች ድምፅ ብልጫ አግኝቻለሁ ብዬ ማለፍ አልፈልግም፣ እየሄድኩ አነጋግራቸዋለሁ።

አሁን የደን ሙያተኛውን ልጠይቅ፦ የወይራ ፍሬ ከግቢያችን አጠገብ ካለ አሮጌ ዛፍ ለቅመን ራሳችን ማፍላት እንችላለን ወይስ ከችግኝ ጣቢያ ይሻላል? ደሾውስ መቼ ይገባል?

የደን ሙያተኛ፦

ደስ ብሎኛል። ወይራውን ራሳችሁ አፍሉት፤ የአገሩ ዘር ከሌላ ቦታ ከመጣው ይሻላል። ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀሙ፣ ከብዙ አሮጌ ዛፎች ቀላቅሉ። ፍሬው ጠቁሮ ሲበስል ሥጋውን አጥባችሁ አውጡ። ውስጡ ያለው ድንጋይ መሰል ቅርፊት ካልተሰነጠቀ ቶሎ አይበቅልም፤ በጥንቃቄ፣ ዘሩን ሳትጎዱ ሰንጥቁትና ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ቢሆንም ለዚህ ሐምሌ አይደርስም፤ በዚህ ክረምት ዋንዛና ዶቅማ ከችግኝ ጣቢያ ውሰዱና ወይራው በሚቀጥለው ዓመት ይከተል።

ደሾ ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ፣ ከነሥሩ ተከፍሎ ነው የሚተከለው። የዛፉን ጉድጓድ ግን ከአሁኑ ቆፍሩ፤ የላይኛውን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ አስቀምጡ። ስትተክሉ የላይኛው አፈር መጀመሪያ ይገባል። የችግኙን ፕላስቲክ ቀድዳችሁ አውጡና እዚያው አትጣሉት፣ ሰብስቡት። ፎቶ ሳይሆን ጥር ላይ የጸደቀውን ቆጥራችሁ እዚህ ጻፉልን።